ፋሲካን በባሕር ላይ ከሕፃን ጋር፦ የአንድ ጥያቄ 34 መልሶች

ክሩ፣ ማለትም በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የቀረበው ጥያቄና ተራ ቁጥር የያዙት መልሶቹ፣ የተከፈተው በኅዳር 2017 አጋማሽ ነው። ጠያቂዋ አራት ኪሎ አካባቢ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። አንድ የጉዞ ወኪል የ7 ሌሊት የመርከብ ሽርሽር ዋጋ አቅርቦላታል። መነሻው ሲቪታቬኪያ፣ ማለትም የሮም ወደብ፣ ቀኑ ቅዳሜ ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ነው፤ በፈረንጆቹ አፕሪል 19 ቀን 2025። መርከቡ በፓሌርሞ፣ በቱኒስ፣ በባርሴሎና፣ በማርሴይና በጄኖዋ አድርጎ ይመለሳል። ፋሲካ በማግሥቱ እሑድ ነው፤ ቤተሰቡም የበዓሉን ዕረፍት ታሳቢ አድርጎ ነው ቀኑን የመረጠው። ወንዱ ልጅ 4 ዓመቱ ነው። ሴቷ የተወለደችው ጥቅምት 10 ቀን 2017 ሲሆን ኩባንያው ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን አያሳፍርም። እናትየው ቆጥራዋለች፦ ከጥቅምት 10 እስከ ሚያዝያ 10 ስድስት ወር ሞላ፣ ጉዞው 11 ነው፣ በአንድ ቀን አልፈናል። ስለዚህ የጠየቀችው ስለ ዕድሜ አልነበረም። የትኛው ካቢን ይሻላል፣ ምን እንያዝ፣ ልጁ ቀኑን ምን ይሠራል የሚል ነበር።

ቁጥር 1 እና 2 ማርያም ማረችሽ ብለው፣ ሕፃኗን መርቀው አለፉ። ቁጥር 3 ስለ ልጁ መለሰ። የመርከብ የልጆች ክበብ ባብዛኛው ከ3 ዓመት ጀምሮ ይቀበላል፤ ግን ልጁ ራሱን ችሎ ሽንት ቤት የሚሄድ መሆን አለበት፣ ሠራተኞቹ ዳይፐር አይቀይሩምና። ከ3 ዓመት በታች ላሉት የመጫወቻ ክፍል ያላቸው መርከቦች አሉ፤ ብዙዎቹ ላይ ግን ወላጅ አብሮ ይቀመጣል። ምዝገባው በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ካቢን ገብቶ ከማረፍ በፊት እዚያ መድረስ እንደሚሻል፣ ክበቡ በምሳ ሰዓት ሊዘጋ እንደሚችልም አከለ። አጭርና ንጹሕ መልስ ነበር።

ቁጥር 4 ከዚያ ወዲያ ክሩን ወደ ሰነድ ወሰደው፤ አጻጻፉ ወኪል ቤት ብዙ የዋለ ሰው ነው። ለእሱ የመንገዱ ዋና ጉዳይ ቱኒስ ናት። መርከቡ ፓሌርሞን ለቆ ቱኒስ ሲገባ ተሳፋሪው ከሼንገን ክልል፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ወጣ ማለት ነው፤ ባርሴሎና ሲደርስ እንደ አዲስ ይገባል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ቤተሰብ እንግዲህ ባርሴሎና ላይ ይቸገራል። እንዲያውም እዚያ ድረስ አይሄድም፤ ኩባንያው ሲቪታቬኪያ ላይ ቪዛውን አይቶ አላሳፍርም ይላል። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ መልቲፕል ኢንትሪ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ የሚያስገባው፣ መመረጥ አለበት፤ የመርከቡ የጉዞ ሰሌዳም ወደብ በወደብ ከነሰዓቱ ተያይዞ ይገባል፣ አለበለዚያ መርማሪው ለምን ሁለት ጊዜ መግባት እንዳስፈለገ አያይም። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ለቪዛው አይከፍሉም፣ የማመልከቻ ማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ግን ሌላ ነው። ከ12 ዓመት በታች አሻራ አይሰጥም። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ኅዳር ላይ ፋይል መክፈት የሚቻል ነው፣ ሕፃኗ ፓስፖርት ካላት። ለቱኒስ ለብቻው ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ ደግሞ ከኩባንያው በጽሑፍ መልስ መቀበል ያሻል፤ ከመርከብ አልወርድም ማለት ብቻውን ሁልጊዜ አያድንም።

ቁጥር 5 በትሕትና አስተካከለው። ቁጥር 4 መጀመሪያ የሚገቡበት አገር ኤምባሲ ነው የሚያመለክቱት ብሎ ነበር። ደንቡ ግን ብዙ ቀን የሚያሳልፉበት አገር ነው፤ የመጀመሪያ መግቢያ የሚታየው ቀኖቹ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ በሁለቱም ስሌት ጣሊያን ስለሚወጣ ልዩነት አያመጣም፤ መነሻው ባርሴሎና ሆኖ ብዙው ወደብ ጣሊያን ላለበት ሰው ግን ያመጣል። ቁጥር 4 ልክ ነህ ወንድሜ ብሎ ተቀበለ። እንዲህ ያለ ነገር በመድረኩ ላይ ብዙም አይታይም።

ቁጥር 6 ያነሣው እኔ በዚህ ክር ከወደድኳቸው ነገሮች አንዱ ነው። ፓስፖርታችን የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ያስቀምጣል። ስለዚህ አባት፣ እናትና ልጆች በፈረንጅ ዓይን ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም አላቸው፤ ልጆቹ የአባታቸውን አባት ስም ሲይዙ አባትየው የራሱን አያት ስም ይይዛል። የመርከብ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ለመላው ቤተሰብ አንድ ስም የሚሞላ ወኪል አለ። ያኔ ፓስፖርቱና ቲኬቱ አይገጥሙም። ሁሉም በየፓስፖርቱ ፊደል ይሞላ፣ የልጆቹ የልደት ሰርተፍኬት ኦሪጅናሉ በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን ብሎ መከረ። ከወላጆች አንዱ ከቀረ የስምምነት ሰነዱ በሰነዶች ማረጋገጫ መጽደቅ እንዳለበት፣ ለውጭ ሲሆን ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም እንደሚጠየቅ ጨመረ። የልደት ምዝገባ በ90 ቀን ውስጥ መሆኑንም አስታወሰ፤ በጥያቄው ቀን ሕፃኗ ገና አንድ ወር ገደማ ስለሆናት ወረዳ ለመሄድ ጊዜ አላት።

ቁጥር 7 ስለ ሕፃን ፓስፖርት ፎቶ አንድ ጥያቄ ጣለ። ቁጥር 8 መለሰ፦ ሕፃኗን ነጭ አንሶላ ላይ አጋድሞ ከላይ ማንሣት፣ ዓይኗ ክፍት፣ አፏ ዝግ፣ የያዛት ሰው እጅ እንዳይታይ። ለሼንገን ልኩ 35 በ45 ሚሊ ሜትር ነው። ፒያሳ የነበሩት ፎቶ ቤቶች ብዙዎቹ በኮሪደር ልማቱ ስለተነሡ የቱ ወዴት ሄደ በሚል ሦስት አራት መስመር ባከነ፤ እሱን ልለፈው።

ስምንት ሰው ቪዛ፣ ፎቶና ማኅተም ሲያወራ የሕፃኗን ልደት ወደ ፈረንጅ ቀን የለወጠ የለም። ቁጥር 9 ለወጠው። ጥቅምት 10 ቀን 2017 ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ነው። ኩባንያው የሚያየው የፓስፖርቱን ቀን ነውና ስድስተኛው ወር የሚሞላው አፕሪል 20 ነው። መርከቡ የሚነሣው አፕሪል 19። ሕፃኗ አላለፈችም፤ በአንድ ቀን ትጎድላለች።

ቁጥር 10 አላመነም፤ ስድስት ወር ማለት ስድስት ወር ነው፣ እንዴት ይለያያል ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 11 በትዕግሥት ዘረዘረለት። የእኛ ወር ሁሌ 30 ቀን ነው፣ ስድስቱ ወር 180 ቀን ይሆናል። የእነሱ ግን ከኦክቶበር 20 እስከ አፕሪል 20 አራት ባለ 31 ወሮችን ያልፋል፤ ፌብሩዋሪ 28 ቢሆንም ድምሩ 182 ነው። ሁለት ቀን ልዩነት። ጳጉሜን አቋርጦ የሚቆጠር ዕድሜ ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል፤ ሐምሌ መጨረሻ የተወለደ ልጅ በእኛ ስድስት ወር ሳይሞላው በእነሱ ሊሞላው ይችላል። ስለዚህ ወደ የትኛው ወገን እንደሚያጋድል በግምት አይታወቅም፤ ቀኑን ቀይሮ መቁጠር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ድምፁ የተለወጠው። ቁጥር 12 አንድ ቀን ምን አላት፣ ፈረንጅም ሰው ነው፣ እያያት ይተዋታል ብሎ ጻፈ። ቁጥር 13 ምሕረት አላደረገለትም። በመሳፈሪያው ላይ ያለችው ሠራተኛ ፓስፖርቱን ማሽን ውስጥ ስትከት ሲስተሙ ዕድሜውን በመነሻው ቀን ያሰላል፤ ቀይ ካሳየ የሷ ርኅራኄ ምንም አይፈይድም። ያኔ ሕፃኗ ብቻ አይደለችም የምትቀረው፣ እናትም ትቀራለች፣ ምናልባት አራቱም ይቀራሉ፤ በመነሻው ዕለት ለቀረ ደግሞ ገንዘብ አይመለስም። የጉዞ ዋስትናም ደንብ ባለማሟላት የቀረን አይክስም። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው የቲኬቱን ዋጋ አብሮ ያስይዝ ብሎ ዘጋው። ቁጥር 12 ተቆጥቶ አንድ መስመር መለሰ፣ ቁጥር 14 ደግሞ ሁለቱንም ተረጋጉ አለ። እኔ ከቁጥር 13 ጋር ነኝ፣ አነጋገሩ ባይጥምም።

ቁጥር 15 ነርስ ናት፤ ከዚህ ክር አንድ መልስ ብቻ አሳይ ብባል የሷን መልስ ነበር የማሳየው። ስድስት ወር በትክክል ተጨማሪ ምግብ የሚጀመርበት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ገንፎ በመርከብ ወጥ ቤት መጀመሩን አትደግፍም፣ ሆዷ ቢበላሽ ከምን እንደሆነ መለየት ያስቸግራልና። የኩፍኝ ክትባት በእኛ ፕሮግራም በ9 ወር ስለሆነ ሕፃኗ ያለሱ ነው የምትሄደው፤ ከ6 ወር ጀምሮ ለተጓዥ ሕፃን ተጨማሪ ዶዝ የሚሰጥበት አሠራር ስላለ ሐኪሟን ትጠይቅ። ቢጫ ወባም ከ9 ወር በፊት አይሰጥም። ጣሊያን፣ ስፔንና ፈረንሳይ ካርዱን አይጠይቁም፤ መንገዱ ማልታን ቢነካ ኖሮ ግን ትልቁ ልጅና ወላጆቹ ካርድ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ክትባቱም ከተሰጠ 10 ቀን ሳይሞላው ካርዱ አይጸናም። ከዚያ ወደ እጅ መታጠብ ሄደች። መርከብ ላይ ተቅማጥና ትውከት የሚያስነሣው ኖሮቫይረስ በአልኮል ጄል በቅጡ አይሞትም፤ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 20 ሰከንድ መታጠብ ነው መድኃኒቱ። በቡፌው በር ላይ የተሰቀለው ጄል ሰውን ያዘናጋዋል አለች።

ስለ ጡጦም ዘርዘር አድርጋ ጻፈች። የካቢኑ ማቀዝቀዣ የመጠጥ ማስቀመጫ ነው፣ ቀዝቀዝ ያደርጋል እንጂ እንደ ቤት ፍሪጅ አይደለም፤ የታለበ የእናት ጡት ወተት ከሆነ ሪሴፕሽን ላይ የሕክምና ማቀዝቀዣ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። የውኃ ማፍያ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ጡጦውን በማፍላት ማምከን አይቻልም፤ በቀዝቃዛ ውኃ የሚሠራውን የማምከኛ ኪኒን ይዞ መሄድ ነው። የዱቄት ወተት መርከቡ ሱቅ ውስጥ አይገኝም ብሎ መነሣት ይሻላል። ለዳይፐር ስሌቷ ይህ ነበር፦ የአውሮፕላኑን፣ ሮም የሚታደርበትንና የመርከቡን ቀን ጨምሮ 10 ቀን፣ በቀን 7፣ ለተቅማጥ መጠባበቂያ 10፤ በድምሩ 80። ይህ የሻንጣውን ሩብ ይይዛል፣ ሲመለስ ግን ባዶ ነው፣ ስጦታ ይያዝበታል።

ለባሕር ሕመም የጠየቀም ነበር። ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ብዙም እንደማያስቸግራቸው፣ ለ4 ዓመቱ ልጅ መድኃኒት ከሐኪም ሳይጠየቅ እንዳይሰጥ፣ ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው የአዋቂ ፕላስተር ለልጅ ፈጽሞ እንዳይሞከር ነርሷ አስጠነቀቀች።

ከቁጥር 16 እስከ 20 የካቢን ጦርነት ነው። ቁጥር 16 በረንዳ ያለው ይሻላል አለ፤ ሕፃኗ ስትተኛ ወላጅ ወጥቶ ይቀመጣል። ቁጥር 17 የ4 ዓመት ልጅ ባለበት በረንዳ ማለት ሁልጊዜ ዓይን ማለት ነው ብሎ ተቃወመ፤ መስኮት የሌለው የውስጥ ካቢን እንደ ድቅድቅ ጨለማ ስለሆነ ሕፃን ጧት 12 ሰዓት ላይ አይነቃም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ቁጥር 16 ልጅን ሣጥን ውስጥ መዝጋት ሲል መለሰ፣ ቁጥር 17 ደግሞ በረንዳውን ለፎቶ ነው የምትፈልጉት አለ። ቁጥር 18 ሁለቱም የሳቱትን ነገር አመጣ፦ አልጋውን። ለአራት ሰው የሚሸጠው ካቢን ባብዛኛው ሁለት የታች አልጋና ከግድግዳ የሚወርዱ ሁለት የላይ አልጋዎች አሉት። የላይኛው ላይ ከ6 ዓመት በታች አያስተኙም። ሕፃኗ ደግሞ ተጣጣፊ አልጋ ትወስዳለች፤ ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ 15 ካሬ ሜትር በሆነ ካቢን ውስጥ ሲዘረጋ የሽንት ቤቱ በር በግማሽ ይከፈታል። ስለዚህ ሶፋው አልጋ የሚሆን ካቢን መምረጥ፣ የሕፃኑን አልጋ በምዝገባው ላይ ማስያዝ፣ ቁጥሩ ውስን ነውና። ቦታው ከመርከቡ መሐል፣ ከታችኞቹ ፎቆች ይሁን፤ እዚያ መወዛወዙ ያንሳል። የፎቁን ካርታ አውጥቶ ከላይም ከታችም ካቢን ያለበትን መምረጥ ነው፤ ከዳንስ ቤት በላይ የተኛ ሕፃን ሌሊቱን ሙሉ ከበሮ ይሰማል። ቁጥር 19 ገላ መታጠቢያው ሻወር ብቻ መሆኑን፣ ሳፋ እንደማይገባበት፣ የሚነፋ ትንሽ መታጠቢያ 2 ኪሎ እንኳ እንደማይሞላ ጠቆመ። ቁጥር 20 ስለ ጋሪ ጻፈ፦ የውስጥ ካቢን በር ጠባብ ነው፣ ኮሪደር ላይ ጋሪ ማቆም በእሳት ደንብ ክልክል ነው፤ ስለዚህ ታጥፎ አልጋ ሥር የሚገባ ይሁን። ለወደብ ግን አንቀልባ የሚበልጠው የለም፤ ደረጃ ቢበዛም፣ መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ቢሆንም አያስቸግርም።

ቁጥር 21 በመርከብ መኮንንነት የሠለጠነ ነው፤ ባሕር ዳር ከሚገኘው የማሪታይም ማሠልጠኛ መውጣቱን ጠቅሷል። የጻፈው ስለ ሕይወት ጃኬት ነው። አንድ ሰው ቀደም ብሎ የሕፃን ጃኬት ከተሳፋሪው ቁጥር 2.5 በመቶ ብቻ ስለሚቀመጥ ቶሎ መያዝ ነው ብሎ ስለነበር አስተካከለው። ያ ከ24 ሰዓት በታች ለሚሄድ መርከብ ነው፤ ከ24 ሰዓት በላይ ለሚሄደው በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ለተሳፈረው ሕፃን ሁሉ አንድ አንድ መኖር አለበት። የሕፃን የሚባለው ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ፣ የልጅ የሚባለው ከ15 እስከ 43 ኪሎ ላለው ነው። ጃኬቱ በካቢኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ካልተገኘ በመጀመሪያው ሰዓት የካቢኑን ሠራተኛ መጠየቅ፤ ልምምዱ ላይ ደርሶ አይደለም። የአደጋ ምልክቱ ሰባት አጭር አንድ ረጅም ጩኸት ነው። ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያው የሚደረገው ከኮስታ ኮንኮርዲያ በኋላ ነው፤ ያቺ መርከብ ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ከሲቪታቬኪያ ተነሥታ ባሕሩ ውስጥ ካለ ዐለት ጋር ስትጋጭና 32 ሰው ሲሞት እዚያው ዕለት የተሳፈሩት ገና ልምምድ አላደረጉም ነበር። ለልጁ በእጁ ላይ የሚታሰረው አምባር የመሰብሰቢያ ቦታው ፊደል አለበት፤ ልጆች ክበብ ውስጥ እያለ ምልክቱ ቢሰማ ሠራተኞቹ በዚያ ፊደል ይወስዱታል፣ ወላጅ ወደ ክበቡ እንዳይሮጥ። ይህንን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

የመዋኛ ገንዳውም ጉዳይ በሱ ተነሣ። ዳይፐር የሚያደርግ ልጅ፣ የመዋኛ ዳይፐር ቢለብስም፣ ዋናው ገንዳ ውስጥ አይገባም፤ ለሕፃናት የተለየ የመርጫ ቦታ ያለው መርከብ ካልሆነ ሕፃኗ ውኃውን በዓይኗ ነው የምታየው።

ቁጥር 22 ጀበናና የኤሌክትሪክ ምድጃ መያዝ ይቻል ይሆን ብላ ጠየቀች፤ ለፋሲካ ቡና ሳይፈላ ብላ። መልሱ አጭር ነው፣ ምድጃም ማፍያም ካውያም አይገባም፤ ዕጣንም እንደ ሻማ የተከለከለ ነው፣ የጭስ መቆጣጠሪያው ይጮኻል። ቁጥር 23 ስለ ስንቁ ቀጠለ። ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣና የቀዘቀዘ ዶሮ ወጥ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር አይገባም፤ ሥጋና ወተት ነክ ነገር ከውጭ በግል ማስገባት ክልክል ነው፣ ጉምሩክ ላይ ይጣላል። የሕፃን የዱቄት ወተት በታሸገበት ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። በሶና ሽሮ ጉምሩኩን ቢያልፉ እንኳ ቤት የተፈጨ፣ በላስቲክ የተቋጠረ ዱቄት የመርከቡ ፍተሻ ላይ ሊያዝ ይችላል። ለጾመኛ ደግሞ ማዘዣው ላይ ቬጂቴሪያን ማለት አይበቃም፣ ወተትና እንቁላል ያመጡልሃል፤ ቪጋን መባል አለበት፣ ከመሳፈር በፊት። ቅዳሜ ሹርን አክፍለው የሚያድሩ ከሆነም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚፈታ ምግብ ቡፌው ላይ አይጠብቃቸውም፤ ማታ ወደ ካቢን አስወስዶ ማስቀመጥ ነው።

ቁጥር 24 ገባ። ኑሮው ሰማይ ነክቶ፣ ሰው በልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲቃጠል፣ እናንተ ስለ መርከብ አልጋ ታወራላችሁ አለ። ከዚህ የባሰም ጽፎ ነበር፤ አድሚኑ ግማሹን ቆርጦታል። ቁጥር 25 ሳይሳደብ ቁጥር ይዞ መለሰ፣ ለጠያቂዋም የሚጠቅመው ያ ሆነ። ልጅ በነጻ የሚለው ማስታወቂያ የወደብ ክፍያውን አይጨምርም። የአገልግሎት ክፍያ የሚባለው ጉርሻ በየቀኑ ለአዋቂ ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ከሂሳብ ላይ ይቆረጣል፤ በ12 ዶላር ቢታሰብ ሁለት ሰው ለ7 ሌሊት 168 ዶላር ነው። ለስላሳ፣ ኢንተርኔትና የመርከቡ ሐኪም ለየብቻ ይከፈላሉ፤ ሐኪሙ ደግሞ ውድ ነው። ለቪዛው የተገዛው 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን ዋስትና ሼንገን ክልልን ብቻ የሚል ከሆነ ቱኒስንም ባሕሩንም ላይሸፍን ስለሚችል ውሉ ይነበብ። በብር የሚሠራው የባንክ ካርድ መርከብ ላይ አይሠራም፤ ዓለም አቀፍ ካርድ ከሌለ ሪሴፕሽን ላይ ጥሬ ገንዘብ ማስያዝ ይቻላል። የውጭ ምንዛሪውን ባንክ የሚሸጠው ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ሲቀርብ ስለሆነ ቪዛው ዘግይቶ ከመጣ ለባንክ ሩጫ ሁለት ሦስት ቀን ትቶ መቁጠር ነው።

ከዚያ የማይቀረው መጣ። ቁጥር 26 ባሕር ቢኖረን ኖሮ ሮም ድረስ ምን አስኬደን አለ፣ 27 ምጽዋን አነሣ፣ 28 አሰብን። ሁለቱ ተሰርዘዋል፤ አድሚኑ ይህ የጉዞ ክር ነው ብሎ ማስጠንቀቂያ አስቀመጠ። ቁጥር 29 ለልጆቹ ጣና ይበቃቸዋል አለ፤ ቁጥር 30 ሐሳቡን ደግፎ አንድ ነገር ጨመረ፦ በጣናም በላንጋኖም ጀልባ ላይ የሚሰጠው ጃኬት ባብዛኛው የአዋቂ ነው፣ ልጁ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ጃኬቱ በጭንቅላቱ በኩል ሾልኮ ይወጣል። አንገት ያለው፣ በእግር መሐል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው የልጅ ጃኬት ይዞ መሄድ ይገባል።

ክሩን ወደ ጉዳዩ የመለሰው ቁጥር 31 ነው፤ ስለ ሰዓት። መርከቡ በራሱ ሰዓት ይሄዳል። ቱኒስ በሚያዝያ ከጣሊያን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ስልኩ ወደብ ላይ የቱኒስን ኔትወርክ ይዞ ራሱን ይቀይራል። መመለሻው 11 ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ በእነሱ 17:30፣ ስልኩ ገና 16:30 ይላል፤ ቤተሰቡ ቡና እየጠጣ መርከቡ ይሄዳል። ስልኩን በራሱ እንዳይቀይር አድርጎ በመርከቡ ሰዓት መቆለፍ፣ ወይም የእጅ ሰዓት ማሰር። በዚያ ላይ የእኛና የእነሱ የሰዓት አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ስለሚራራቅ ባልና ሚስት አስቀድመው በየትኛው እንደሚነጋገሩ ይስማሙ።

ቁጥር 32 ስለ ሻንጣና ስለ ሮም መንገድ ጻፈ። ሻንጣ ተርሚናሉ በር ላይ ተረክበው ካቢን የሚያደርሱት አንዳንዴ አመሻሽ ላይ ስለሆነ 8 ዳይፐር፣ ወተቱ፣ መድኃኒቱ፣ የልጁ ዋና ልብስና ሰነዶቹ ሁሉ በእጅ ይያዙ። በመጨረሻው ሌሊት ደግሞ ሻንጣው ኮሪደር ላይ ይወጣል፤ የነገ ልብስን አብሮ አሽጎ በፒጃማ የሚወርድ ሰው በየጉዞው አለ። ከፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ በባቡር ትራስቴቬሬ ላይ ወርዶ የሲቪታቬኪያውን መያዝ ይቻላል፣ ሮም መሐል መግባት አያስፈልግም። በመነሻው ዕለት ጧት ሮም ማረፍ ግን ቁማር ነው፤ አውሮፕላኑ ሦስት ሰዓት ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቅም። አንድ ሌሊት ቀድሞ መድረስ።

ጠያቂዋ ሁሉንም አመስግና በቁጥር 33 ተመለሰች። ወኪሉ ቀኑን ወደ ሚያዝያ 25 እንዲያዛውርላት አድርጋለች፣ በፈረንጆቹ ሜይ 3፤ ሕፃኗ በየትኛውም አቆጣጠር ስድስት ወር አልፏታል፣ የጣሊያኖቹ የአፕሪል 25 በዓልና የሜይ 1ም አልፏል። ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት አንድ ሳምንት ይቀራል። የውስጥ ካቢን ከሶፋ አልጋ ጋር፣ መሐል ላይ። አማቷ ፋሲካን ከቤት ወጥታችሁ ብለው ካኮረፉ ከርመው ነበር፣ አሁን ታርቀዋል፤ እንዲያውም እኔስ የሚል ነገር ጀምረዋል።

ቁጥር 34 ቁጥር 9 ነው፣ ከሃያ አራት መልስ በኋላ የተመለሰ። አማትየው የሚሄዱ ከሆነ ለብቻቸው ካቢን ከመያዙ በፊት ፓስፖርታቸው መቼ እንደሚያበቃ ትይ አለ፤ ከሼንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ 3 ወር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር።